አበበ እንጂ ቤቢ አይደለም

አሜሪካ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቅ ነው። ስለ ፎቅ የምነግራችሁ ነገር የለኝም። የሰነበትኩት ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ከተሞች በሁለቱ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ፕሬዚዳንቱ የሚኖርበትን ነጭ ቤት እንኳ በቅጡ አላየሁትም፤ ባለታክሲው «በግራ በኩል ነው» ሲለኝ እኔ በቀኝ በኩል እያየሁ አለፈ። ያየሁት የትምህርት ቤት ልጆች ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ነው። የማወጋችሁ እሱን ነው፤ እየተናደድኩ ስለማወጋችሁ ግን ቅር አይበላችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አበበ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወስደው ገደሉት። ሬሳውን አልሰጡንም። ማልቀስም ክልክል ነው ተባልን። የቀበሌ ጠባቂ ደጃችን ቆሞ ሲያዳምጥ፣ እናታችን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በር ዘግተን፣ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ ሳንጠራ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሚስቱ አልማዝ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሩትን ከወለደች በኋላ ልጇን አዝላ በሱዳን በኩል ወጣች፤ አሜሪካ ገባች፤ ከዓመታት በኋላም ታደሰ የሚባል ባለታክሲ አገባች። በማግባቷ ማናችንም አልተቀየምናትም።

ባለፈው መስከረም አልማዝ ደወለችልኝ። «ጋሽ ንጉሤ፣ የአበበ የሞት ማስረጃ ያስፈልገኛል። በፖስታ ይጠፋል ብዬ ፈርቻለሁ። ትኬት እልክልዎታለሁ፣ ይዘውልኝ ይምጡ፤ በዚያውም ሩትን ያይዋታል» አለችኝ። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኋትም። የአሜሪካን መንግሥት ወረቀት ይወዳል ሲባል እሰማ ነበርና ለዚያ ነው ብዬ አለፍኩት።

ወረቀቱን ለማውጣት አራት ወር ተመላለስኩ። የቀበሌው ጸሐፊ አበበ ሲሞት ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነበር። «የሞተበት ቀን?» ይለኛል። «አልነገሩንም» እለዋለሁ። «የሞት ምክንያት?» ይለኛል። «ተገደለ» እለዋለሁ። «ማስረጃ አለዎት?» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ለገደለው ሰው ገዳይ ደረሰኝ ይሰጣል እንዴ? በመጨረሻ ‹የሞት ምክንያት› ከሚለው ፊት ለፊት በማስመሪያ አንድ ሰረዝ አሰመረ፤ ማኅተሙን መትቶም ሰጠኝ። የወንድሜ ስም የሰፈረበት፣ እኛ እጅ የገባ የመንግሥት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ኮቴ የውስጥ ኪስ ከትቼ፣ በሴሚስተሩ ዕረፍት ተነሳሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ጉምሩክ ላይ አንዱ መኮንን የበርበሬዬን ከረጢት ከፍቶ አሸተተና አስነጠሰው፤ ደግሞ አስነጠሰው፤ ሦስተኛው ላይ በእጁ ሂድ ሂድ አለኝ። ታደሰ ታክሲውን ይዞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ዝምተኛ፣ አጎንብሶ የሚሄድ ሰው ነው። ሻንጣዬን ከእጄ ቀምቶ «እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ንጉሤ፣ በረዶ ነው፣ ቀስ ብለው ይርገጡ» አለኝ። ከአውሮፕላን ጣቢያው እስከ አሌክሳንድሪያ ባለው መንገድ ሁሉ አንድ በእግሩ የሚሄድ ሰው አላየሁም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ባዶ መንገድ ሳይ የሰዓት እላፊ ነው የምለው።

አልማዝ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሩት ደግሞ ከልምምድ መጣች። በሩን ከፍታ ስትገባ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ቁመቷ፣ ትከሻዋ፣ አንገቷን ዘመም ማድረጓ ቁርጥ አበበን ነው። «ሃይ አንክል! ደህና ነህ?» ብላ በላብ እንደተጠመቀች አቀፈችኝ። አንተ ማለቷን እናቷ በዓይኗ ልትቆጣት ስትል ተዪያት አልኳት። ልጅቷ አማርኛ ይገባታል፤ ስትመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ሰሐን ሙሉ ፓስታ ቆማ በላችና «አርብ ጌም አለኝ፣ ትመጣለህ?» አለችኝ። «ለቅርጫት ኳስ?» አልኳት፤ ጥናት አለኝ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። «እሷ የቡድኑ ካፕቴን ናት» አለ ታደሰ ቀስ ብሎ። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት አንድም ልጅ ካፕቴን ሆኖ ሐኪም ሲሆን አላየሁም።

ረቡዕ ጠዋት ሩት ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ፣ ቁርስ ላይ፣ አልማዝ ወረቀቱን ለምን እንደፈለገችው ነገረችኝ።

«ጋሽ ንጉሤ፣ እዚህ አገር ፋሚሊ ኔም የሚሉት ነገር አለ» አለች። «የቤተሰቡ ሁሉ ስም አንድ መሆን አለበት። እኔ አልማዝ ወልዴ ነኝ፣ ባሌ ታደሰ ግርማ ነው፣ ልጄ ሩት አበበ። ፖስተኛው እንኳ በአንድ ቤት ሦስት ቤተሰብ የሚኖር ይመስለዋል። ልጄ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ‹እናቷ መሆንሽን በምን እናውቃለን?› ብለውኛል። ስለዚህ የሩትን ስም ወደ ግርማ ልናዞረው ነው። ፍርድ ቤት ሰኞ ቀጠሮ አለን። አባቷ ያለመኖሩ ማስረጃ ይምጣ ብለውን ነው።»

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ገባኝ። አራት ወር ቀበሌ የተመላለስኩት፣ ወንድሜ ሞቷል የሚል ወረቀት ያስጻፍኩት፣ ስሙን ከልጁ ላይ ለመፋቅ ኖሯል! ሬሳውን ነሱን፣ ልቅሶውን ነሱን፣ የቀረው ሩት ላይ የተንጠለጠለው ስሙ ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጄ አምጥቼ ላስረክብ! ተነሥቼ ቆምኩ። ታደሰ በዚያው ሰዓት ለሥራ ሊወጣ ኮቱን ይለብስ ነበር።

«አንተስ አታፍርም?» አልኩት። «የሞተ ሰው ስም ነጥቀህ የአባትህን ስም ትለጥፋለህ? መሬት ቢሆን ይሻል ነበር፣ በመሬት እንካሰሳለን።»

ታደሰ አየኝና አንገቱን ደፋ። «ደህና ዋሉ ጋሽ ንጉሤ» ብሎ ወጣ። አልማዝ «እሱን አይናገሩት፣ እሱ እኮ . . .» ብላ ጀመረች፤ የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። በቀድሞ ተማሪዬ በይርጋ ስልክ ቁጥር ላይ «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚል ጽፌ ነበር፤ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ደወልኩለት። «በቢጫው ይሳፈሩ፣ መሐል ከተማ ወርደው ወደ ቀዩ ይቀይሩ» አለኝ።

ቀየርኩ። ቀዩ ባቡር ግን በሁለት አቅጣጫ እንደሚሄድ አልነገረኝም፤ እኔም በንዴት አላነበብኩም። ለሃያ ሁለት ዓመት ለልጆች ካርታ ማንበብ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ከሚወርዱት ጋር ሳልወርድ፣ መስመሩ እስኪያልቅ ተጓዝኩ። መጨረሻው ጣቢያ ላይ አንዲት ወፍራም የጣቢያ ሠራተኛ ባቡሩን ስትፈትሽ አገኘችኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አልኳት። ሳቀች፤ ግን አልሳቀችብኝም። በወረቀት ላይ የጣቢያዎቹን ቁጥር ጻፈችልኝ፣ ክንዴን ይዛ ማዶ አሻግራ በትክክለኛው ባቡር አስገባችኝና ለነጂው በሬዲዮ ነገረችው። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ ነጂው የጣቢያውን ስም ሦስት ጊዜ ጠራው። ይርጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ ቆሞ ጠብቆኝ ነበር። አልጋውን ለቀቀልኝና እሱ ሶፋ ላይ ተኛ።

ሐሙስን ይርጋ ጋ ዋልኩ። መኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከሥራ እንደወጣ «ልቅሶ አለብን፣ አብረውን ይሂዱ» አለኝ። የሠፈራቸው ሰው እናቱ አገር ቤት ሞታበታለች። ለመሄድ የተቀጣጠሩት አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ስንደርስ ስምንት ወንዶች ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ሐዘንተኛው ቤት የሚወሰደውን ምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ቴሌቪዥን ላይ ተደቅነዋል። ሁለት ኮሌጆች ይጫወታሉ፤ አንደኛው ከወንዙ ወዲህ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ያለ ነው። «አሥር ደቂቃ ነው የቀረው» አለኝ ይርጋ። እነዚያ አሥር ደቂቃዎች አንድ ሰዓት ሆኑ። ቅርጫት ኳስ ሊያልቅ ሲል ነው የሚጀምረው፤ ዳኛው ይነፋል፣ አሠልጣኙ ያስቆማል፣ መልሰው ይጀምራሉ። ሲያልቅ እኩል ለእኩል ወጡና ጭማሪ ሰዓት ተባለ።

«ሰዎች፣ ሰውየው እናቱ ሞታበታለች» አልኩ።

«ጋሼ፣ ኦቨርታይም እኮ ነው» አለኝ አንዱ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

ከመካከላቸው ሁለቱ የእነዚያን ኮሌጆች ደጃፍ እንኳ ረግጠው አያውቁም። ግን ደጋፊዎች በመሆናቸው ብቻ ከባለፈው ዓመት ጨዋታ ወዲህ ተኳርፈው አንዱ ሌላውን በሦስተኛ ሰው በኩል «ለጓደኛህ ጨው እንዲያቀብለኝ ንገርልኝ» ነው የሚለው። አገር ቤት ሰው በፖለቲካ ሲኳረፍ አይቻለሁ፣ በርስት ሲኳረፍ አይቻለሁ። በሌላ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ሲኳረፍ ግን እዚህ ነው ያየሁት። እንጀራውም ወጡም ቀዝቅዞ፣ ለልቅሶ የወጣነው ሰዎች እየተገላመጥን ደረስን። ሐዘንተኛው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብዬ ሳጎነብስ ወደ ይርጋ ጠጋ አለና በሹክሹክታ «ማን አሸነፈ?» አለው። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያን ቀን ይህ ሕዝብ ልቅሶም ረሳ ብዬ ፈረድኩ።

አርብ ከሰዓት በኋላ የይርጋ በር ተንኳኳ። ታደሰ ነው። ሥራውን አቋርጦ መጥቷል።

«ሩት ‹አንክል ካልመጣ አልጫወትም› ብላለች» አለኝ። «ከእኔ ጋር ሊኳረፉ ይችላሉ። እሷን ግን አያሳዝኗት።»

ተሳፈርኩ። ትልቁ ቀለበት መንገድ ተጨናንቆ ቆመን ቀረን። ከፊት ወንበር ሥር የታጠፈ ካርቶን አየሁ፤ እግሬ ሊረግጠው ሲል ታደሰ ቀስ ብሎ ሳበው። ወሬውን እሱ ጀመረ።

«ጋሽ ንጉሤ፣ ስሙ ይቀየር ያልኩት እኔ አይደለሁም። አልማዝም አይደለችም። ሩት ናት።»

«ውሸት ነው» አልኩ።

«እኔ እንዲያውም ስሜን አልሰጥም ብዬ ከአልማዝ ጋር ሦስት ሳምንት ተኳርፌያለሁ። እኔ አሳደግኋት እንጂ አልወለድኋትም፤ የሰውየው ስም ከእኔ ቤት አይጠፋም አልኩ። አልማዝ ግን ‹ልጄ በየጨዋታው እያለቀሰች ትመጣለች፣ ምን ላድርግ?› አለችኝ። ፈርሚ ብላ የለመነቻት ራሷ ሩት ናት።»

«በአባቷ ስም ምን አስለቀሳት?»

«ዛሬ ያዩታል» አለ ታደሰ። ይህን ሁሉ ረቡዕ ዕለት ሊነግረኝ ይችል ነበር፤ ሰድቤው ነው ዝም ብሎ የወጣው። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ ተከፈተና መኪናው ነጎደ።

የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ ጂሙ፣ ጢም ብሎ ሞልቷል። ያ የሰው ብዛት እኛ ዘንድ ለጥምቀት ነው። የሴቶቹ ጨዋታ ቀድሞ የወንዶቹ ይከተላል፤ አያት፣ እናት፣ ከአርባ ዓመት በፊት እዚያው የተማሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በትምህርት ቤቱ ቀለም ለብሰው መጥተዋል። አጠገባችን ሚስ ዶሪስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ተቀምጣለች። የልጅ ልጆቿ ሳይቀሩ ተምረው ጨርሰዋል፤ እሷ ግን የራሷን መከዳና የላም ቃጭል ይዛ ሁልጊዜ ትመጣለች። ታደሰ የሩት አጎት ነው ብሎ ሲያስተዋውቀኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ «የእኛ ልጅ ናት» አለችኝ። የእኛም ናት ልላት አሰብኩ፤ ፈንዲሻ አቀበለችኝና ተውኩት። በሌላው ወገን የተጋጣሚው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ተደርድረዋል። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፈውም፤ አይገባቸውም።

የተጫዋቾች ስም በድምፅ ማጉያ መጠራት ጀመረ። ተናጋሪው «ካፕቴን፣ ሩት አ-ቢቢ!» አለ። በዚያች ቅጽበት ማዶ ያሉት ልጆች ሁሉ ከኪሳቸው ጡጦ አወጡ። የሕፃን ጡጦ! አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ከሱሪያቸው በላይ ዳይፐር ያሠሩም ነበሩ። እየጠቡ፣ እንደ ሕፃን እያላዘኑ፣ መቶ ሁለት መቶ ጎረምሳ በአንድ ድምፅ «ቤ-ቢ! ቤ-ቢ! ቤ-ቢ!» ይል ጀመር።

«በየጨዋታው እንዲህ ነው» አለ ታደሰ።

እግዜር ያሳያችሁ። እኛ አገር ሰው ሲጣላ እንኳ የአባትን ስም ለመሳለቂያ አያነሣም፤ ካነሣ ሽማግሌ ገብቶ ነው የሚፈታው። እነዚህ ደግሞ የማያውቁትን፣ የሞተ ሰው፣ ጡጦ አፋቸው ውስጥ ወትፈው ይጫወቱበታል! አበበ ማለት እኮ አበባ አወጣ፣ ፈካ ማለት ነው። እናቴ ሁለት ልጅ ከሞተባት በኋላ ተስፋ አድርጋ ያወጣችው ስም ነው። አንዲት ጥፋት ተፈጸመባትና ሩት ለቅጣት ውርወራ ብቻዋን መስመር ላይ ቆመች። ኳሷን መሬት ላይ ሁለቴ አነጠረች። «ቤ-ቢ!» አሉ። ሳተች። ሁለተኛዋንም ሳተች። ጀርባዋን ወደ እኛ አዙራ ዓይኗን በማልያዋ ጠረገች። ያኔ ስሙ ይፋቅልኝ በማለቷ አልፈረድኩባትም። ግን ንዴቴ ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

ለእረፍት ሲወጡ ተነሥቼ ወረድኩ። ታደሰ «ጋሼ፣ ሜዳው ላይ መግባት አይቻልም» እያለ ተከተለኝ። ገባሁ። በድምፅ ማጉያው ጠረጴዛ ላይ መነጽር ያደረገ፣ ክራቫት ያሠረ ሰው ተቀምጧል። በምችለው እንግሊዝኛ «ወንድሜ ሕፃን አይደለም!» አልኩት። ሰውየው ግራ ገባው። ደገምኩለት፤ ጮክ ብዬ ሳይሆን አልቀረም፣ ወዲያው አንድ ግዙፍ ጥበቃ ትከሻዬን ያዘኝ። የአሜሪካን ፖሊስ በዚህ ይገድለኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ግን አልተነቃነቅሁም። ከላይ ቃጭል ተንቃጨለና የሚስ ዶሪስ ድምፅ ተሰማ፤ «ልቀቀው! የእኔ እንግዳ ነው!» ጥበቃው እንደተቆጡት ልጅ ለቀቀኝ። እዚያ ጂም ውስጥ የሚፈራው እሷ ኖራለች።

ታደሰ አስረዳ። ባለ ድምፅ ማጉያው የዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው። እስከ ጆሮው ቀላ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አቢቢ ስል አንድም ሰው አላረመኝም፤ እሷም አላለችኝም» አለ። ወረቀት አውጥቶ «በል አስተምረኝ» አለኝ። ሁለታችንም መምህሮች ነን፤ አንደኛ ክፍል እንደማስተምር አድርጌ «አ። በ። በ» አልኩት። «አ። ቤ . . .» አለ። «ቤ አይደለም፣ በ» አልኩት። አራት ጊዜ አስደገምኩት። ማይክሮፎኑን ዘግቶ ብቻውን ሲለማመድ ትቼው ተመለስኩ።

ጨዋታው ቀጠለ። ሩት አንድ አገባች። ድምፅ ማጉያው ለአፍታ ዝም አለ፤ ሰውየው ትንፋሽ ሲወስድ ይሰማል። ከዚያ «ሩት አ! በ! በ!» አለ። ሩት ሜዳው መሐል ሩጫዋን አቁማ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። አሠልጣኟ «ሩጪ!» ብላ እስክትጮህባት ድረስ ቆማ ቀረች። ሁለተኛ ስታገባ እኛ ወገን ያሉት ተማሪዎች ቃሉን ያዙት። ለመርገጥ ይመቻል ኖሯል፤ በእግራቸው ጣውላውን ሦስት ጊዜ እየመቱ «አ! በ! በ!» አሉ። ማዶ ያሉት ቤቢ ቢሉም ሰሚ አጡ። ታደሰ ያን የታጠፈ ካርቶን ዘርግቶ ከፍ አደረገው። በትልልቁ፣ በአማርኛ፣ አበበ ይላል።

«ይህን ማን ያነበዋል?» አልኩት።

«እሷ። አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ አ እና በ ብቻ አስተምሬያታለሁ። ሁልጊዜ ይዤው እመጣለሁ» አለ። ረቡዕ ዕለት ስም ነጣቂ ያልኩት ሰው ነው። «ታደሰ፣ ማረኝ» አልኩት። «ኧረ ምን በወጣዎት፣ ጨዋታውን ይዩ» አለኝ።

ተሸነፉ። በሁለት ነጥብ ነው የተሸነፉት፤ ዳኛው ስለነፋው አንድ ፊሽካ ሚስ ዶሪስ እስካሁን እየተሳደበች ሳይሆን አይቀርም። ሊያልቅ ጥቂት ሰኮንድ ሲቀር አሠልጣኟ ሩትን አስወጣቻት። ሩት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ በዚያ ሜዳ የምትጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ልማዳቸው ነው አሉ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ሽማግሌውም፣ አያቱም፣ ሕፃን ያቀፈውም፤ እንዲያውም ከማዶዎቹ አንዳንዶቹ ጡጧቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆሙ። ድምፅ ማጉያው ሙሉ ስሟን ጠራ። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ ጣሪያው እስኪነቃነቅ «አ! በ! በ! አ! በ! በ!» አለ።

እኔ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አፋችንን አፍነን ያልጠራነውን ስም፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሕዝብ ቆሞ ይጠራው ነበር። ሚስ ዶሪስ ዞር ብላም ሳታየኝ መሐረብ ሰጠችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሩት ከኋላ ወንበር ጉልበቷ ላይ በረዶ ይዛ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ «እንቺ፣ የአንቺ ነው። ሰኞ የፈለግሽውን አድርጊበት» አልኳት። ዘርግታ አየችው። አ እና በ ፈልጋ አገኘች። ከዚያ ጣቷን ሰረዙ ላይ አድርጋ «ዋት ኢዝ ዚስ? እዚህ ለምን ባዶ ሆነ?» አለችኝ።

«የሞት ምክንያት ነው» አልኳት። «አልጽፍም አሉ።»

እንዴት እንደሞተ፣ እንዴት እንዳላለቀስንለት ነገርኳት። እናቷ ነግራት አታውቅም ኖሯል። ወረቀቱን አጥፋ ቤት እስክንደርስ በእጇ ይዛው ቆየች።

ቅዳሜና እሑድን ስለ ስም ያነሣ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት አልማዝ ኮቷን ለብሳ ስትጠብቅ ሩት ከመኝታ ቤቷ ወጥታ «ማሚ፣ ካንስል አድርጊው» አለቻትና ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። የሄድኩ ዕለት አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ወረቀቱን በፖስታ አሽጋ መለሰችልኝ። «ለአያቴ ስጥልኝ» አለች። ጡጦ ይዘው የመጡትን ልጆች ወላጆቻቸው አልቀጧቸውም፤ ጠይቄ ነበር፣ «ኢትስ ጀስት ኤ ጌም»፣ ጨዋታ ብቻ እኮ ነው፣ ነው ያሉኝ። እስካሁን ይህ ያናድደኛል።

አዲስ አበባ እንደገባሁ እናቴ ጋ ሄድኩ። ስለ በረዶው፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ዶሮው ነገርኳት፤ ደስም አላላት። ስለ ጂሙ ስነግራት ግን ቀና አለች።

«ስሙን ጠሩት?»

«ጠሩት እማዬ።»

«ስንት ሰው?»

«ቤቱ ሙሉ ነበር።»

«ጮክ ብለው?»

«ጮክ ብለው። ቆመው።»

 ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ ዘቅዝቃ ለበሰችና «በሩን ክፈተው» አለችኝ። ብርግድ አድርጌ ከፈትኩት። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ ስሙን ጠርታ አለቀሰች። ጎረቤቶቻችን ሥራቸውን ጥለው እየሮጡ መጡና «ምነው እትዬ፣ ማን ሞተ?» አሏት።

«ልጄ» አለች። «ልጄ አበበ።»